ኤኖ ሊትማን የድንጋይ ጽሑፍን እንዴት አነበበ

ስለ ንጉሥ ዒዛና የተጻፈ ጥናት የሚያነብ ሰው «ዲኤኢ 4»፣ «ዲኤኢ 10»፣ «ዲኤኢ 11» የሚሉ ምልክቶች ያጋጥሙታል። ብዙ አንባቢ የሙዚየም ቁጥር ይመስለውና ያልፋቸዋል። ምልክቱ ግን «የጀርመን የአክሱም ጉዞ» የሚለው ስም በጀርመንኛ ሲጻፍ የሚጀምርባቸው ፊደላት ነው። ለድንጋዮቹ እነዚህን ቁጥሮች የሰጠው የጉዞው መሪ ኤኖ ሊትማን ነው። እዚህ ስለ እርሱ የምንጽፈው የት ተወልዶ የት እንደ ሞተ ለመናገር ብቻ አይደለም። የጠፋ ጽሑፍ እንዴት ተመልሶ እንደሚነበብ ለመረዳት ከእርሱ ሥራ የተሻለ ማሳያ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊትማን በሰሜን ጀርመን ኦልደንቡርግ ከተማ መስከረም 16 ቀን 1875 ተወለደ። በሐለ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛና የትግርኛ ሰዋስው ካዘጋጀው ከፍራንዝ ፕሬቶሪዩስ፣ በሽትራስቡርግ ደግሞ በዘመኑ የሴማዊ ቋንቋዎች ታላቅ ሊቅ ከነበረው ከቴዎዶር ኖልደከ ተማረ። የዶክትሬት ጽሑፉ ስለ ትግረ ቋንቋ ግሥ ነበር። ትግረ ከትግርኛ የተለየ ቋንቋ ነው። በኤርትራ ቆላና በሰሜኑ ደጋ የሚኖሩ፣ አብዛኞቹ ከብት አርቢ የሆኑ ሕዝቦች ይናገሩታል። ይህ ምርጫው ከቤተ መጻሕፍት የመጣ ቢመስልም በኋላ ለሥራው ሁሉ ቁልፍ ሆኖለታል።

በጥቁር ድንጋይ ላይ የተጫሩ ስሞች

ከደማስቆ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዛሬው ሶርያና ዮርዳኖስ ውስጥ፣ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ የሸፈነው ሰፊ በረሃ አለ። በዚያ በሺህ የሚቆጠሩ ድንጋዮች ላይ የተጫሩ አጫጭር ጽሑፎች ይገኛሉ። ሳፋ በሚባለው ቦታ ስም «የሳፋ ጽሑፎች» ይባላሉ። የጻፏቸው በግመልና በበግ የሚተዳደሩ ዘላኖች ናቸው። ዘመናቸውም በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ካለው የመጨረሻ መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ አራተኛው መቶ ዓመት ይዘልቃል። አንድ እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1857 ወሬያቸውን ወደ አውሮፓ ባመጣ ጊዜ ሊያነባቸው የቻለ አልነበረም።

አስቸጋሪ ያደረጋቸው ብዙ ነገር ነው። አናባቢ የላቸውም። ቃልን ከቃል የሚለይ ነጥብም መስመርም የለም። ጸሐፊው ድንጋዩ እንደመራው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዳንዴም እየተጠማዘዘ ይጽፋል። በዚህ ላይ የመጫሪያው ድንጋይ ጫፍ ስለሚያዳልጥ አንዱ ፊደል ሌላውን ይመስላል።

አፈታቱ የተጀመረው በተደጋጋሚ ከሚመጣ ነገር ነው። ጽሑፎቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ዓይነት ምልክት ይጀምራሉ፤ ቀጥሎም ሁለት ምልክቶች በየመካከሉ እየተመላለሱ ይመጣሉ። ተመራማሪው ዦዜፍ አሌቪ የመጀመሪያውን «ለ»፣ የሚመላለሱትን «ብን» ብሎ አነበባቸው። ነገሩ «ለእከሌ ብን እከሌ ብን እከሌ» ማለትም «የእከሌ ነው፣ የእከሌ ልጅ፣ የእከሌ ልጅ» የሚል የትውልድ ሐረግ ሆነ። ከዚያ በኋላ በየመካከሉ ያሉት ስሞች ናቸው። ከስሞቹ አንዱ በዓረብኛ የታወቀ ከሆነ በውስጡ ያለ አዲስ ፊደል ይታወቃል፤ ያ ፊደል ደግሞ ሌላ ስም ይከፍታል። አሌቪ ከ28ቱ ፊደላት 16ቱን በትክክል ለየ። ፕሬቶሪዩስ 5 ጨመረ። የቀሩትን 7 ለይቶ ሥራውን የዘጋው ሊትማን ነው፤ ውጤቱንም በ1901 አሳተመ። ያኔ ገና 26 ዓመት አካባቢ ነበር።

እነዚህ 7 ፊደላት ከቀሩት 21 የበለጠ ልፋት ይጠይቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚመጣ ፊደል በመቶ ቦታ ስለሚታይ ስሕተት ቶሎ ይጋለጣል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ ፊደል ግን በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሚታይ የተሳሳተ ግምት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው ብዙ አዲስ ድንጋይ ማየት ነው። ሊትማን ይህን ዕድል ያገኘው በ1899 እና በ1900 ሃዋርድ ክሮዝቢ በትለር በመራው የአሜሪካ የሶርያ ጉዞ ላይ የሴማዊ ጽሑፎች ባለሙያ ሆኖ በመሄዱ ነው። ድንጋዮቹን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ገልብጦ፣ የአንድ ሰው የትውልድ ሐረግ በተለያየ ድንጋይ ላይ ሲደገም እያነጻጸረ ነው ያረጋገጠው። በ1904 ደግሞ ሰሙዳዊ ለሚባሉት የሰሜን ዓረቢያ ጽሑፎች ተመሳሳይ ሥራ ሠራ።

ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው እነዚህ ጽሑፎች ባዕድ አይደሉም። ፊደላቸው ከእኛ ፊደል ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱም ከጥንታዊው የደቡብ ሴማዊ ጽሕፈት የወጡ ናቸው። ከሐረጉ በኋላ ብዙ ጊዜ «አዘነ»፣ «ከብት ጠበቀ»፣ «እዚህ ሰፈረ» የሚሉ ቃላት ይመጣሉ፤ ከዚያም «ፍ ህ ልት ስልም»፣ ማለትም «ላት ሆይ፣ ሰላም ስጪ» የሚል ጸሎት። ላት የዓረቦች ጥንታዊት አምላክ ናት። ከሁሉም ይልቅ ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሆነው እርግማኑ ነው። «ዕውር ልዝ ይዕውር ህስፍር» ይላል፤ ጽሑፉን ያጠፋ ሰው ዓይኑ ይታወር ማለት ነው። «ዝ» የግዕዙ «ዘ» ነው፤ «ዕውር» ደግሞ ዛሬም የምንለው ዕውር ነው። ጽሑፍን ማጥፋት ድንጋዩን እንደ ማሳወር ተቆጥሯል።

ገለብ፤ ሕያው ቋንቋ ወደ ድንጋይ ሲመለስ

ሊትማን ከ1901 ጀምሮ በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሠርቷል። የዩኒቨርሲቲውን የዓረብኛ የእጅ ጽሑፎች ዝርዝር ያዘጋጀው፣ አለቃ ዘነብ የጻፉትን የዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የአማርኛ ንባብ በርሊን ካለ ቅጂ በ1902 ያሳተመው በዚያ ሳለ ነው። በ1905 ያው ዩኒቨርሲቲ ወደ ኤርትራ ላከው። ከከረን አቅራቢያ በመንሳዕ ሕዝብ መካከል፣ የስዊድን ሚስዮን በነበረበት በገለብ ተቀመጠ።

እዚያ አብሮት የሠራው የመንሳዕ ተወላጅ ነፋዕ ወድ ዕትማን ነው። ተረቱን፣ ሥርዓቱን፣ ሙሾውን፣ የሰውና የከብት ስም አወጣጡን ከሽማግሌዎች እየሰበሰበ በግዕዝ ፊደል ይጽፍ ነበር። በኋላ ራሱ ሽትራስቡርግ ድረስ ሄዶ ከሊትማን ጋር የጽሑፎቹን ትርጉም ሠራ። በ1909 ወደ አገሩ ሲመለስ በባሕር ጉዞ ላይ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልተገኘም። ከ1910 እስከ 1915 በላይደን የታተሙት የትግረ ጥራዞች ከ700 በላይ ግጥሞችን ይዘዋል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሊትማን ነው። ነፋዕ ባይኖር ግን ከጥራዞቹ አብዛኛው አይኖርም ነበር፤ ይህን በግልጽ መናገር ተገቢ ነው።

የከብት አርቢዎች ግጥም ለድንጋይ ንባብ ምን ይጠቅማል? ሁለት ነገር ይጠቅማል። የመጀመሪያው ድምፅ ነው። እኛ በአማርኛ «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን፣ እንዲሁም «አ»ን እና «ዐ»ን በአነጋገር አንለያቸውም። ትግረ ግን «ሐ»ንና «ዐ»ን በጉሮሮ ለይቶ ይጠራቸዋል። ድንጋይ ላይ የፊደሉ ልዩነት የትርጉም ልዩነት ነው፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ንብረት ወሰደ ነው፤ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፣ «ሰአለ» ለመነ። ዛሬ አንድ አማርኛ ተናጋሪ የአክሱምን ጽሑፍ ሲገለብጥ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እጁ የለመደውን ፊደል ይጽፍና የድንጋዩን ይለውጠዋል።

ሁለተኛው ጥቅም የኑሮው ነው። የሳፋ ዘላን በድንጋይ የጻፈው ሐረግ፣ የከብት መንገድና ለሞተ ዘመድ የሚሰማ ሐዘን ነበር። ሊትማን በመንሳዕ የሰማውም ይኸው ነው፤ እስከ ብዙ ትውልድ የሚቆጠር ዘር፣ በስም የሚጠራ ከብት፣ ለሟች የሚገጠም ሙሾ። ድንጋዩ በሦስት ቃል ያለፈውን ነገር ሕያው ሰው በሃያ ስንኝ ሲያብራራው የሰማ አንባቢ፣ ሦስቱን ቃል በመዝገበ ቃላት ብቻ ካነበበው ሰው ይለያል። የሊትማን ጥንካሬ በዋናነት ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

አክሱም፣ 1906

በ1905 የጀርመን መልእክተኛ ፍሪድሪኽ ሮዘን አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ከዚያ ግንኙነት ተከትሎ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ሁለተኛ ወደ አክሱም የጥናት ቡድን ላኩ። ኤርትራ የነበረው ሊትማን መሪው ሆነ። አብረውት ሁለት አርክቴክቶች ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ፣ እንዲሁም ሐኪሙ ኤሪኽ ካሽከ ነበሩ። የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ገብረ ሥላሴ ተቀብለው ረዷቸው። ቡድኑ አክሱም የቆየው ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው።

በሦስት ወር ከተማዋን ለኩ፣ ሐውልቶቹን ቆጥረው ቁጥር ሰጡ፣ የወደቀውን ታላቅ ሐውልት ርዝመት 33 ሜትር ያህል መሆኑን አስፍረው ሙሉ ሥዕሉን ሠሩ፣ የቤተ መንግሥት መሠረቶችን ቆፈሩ፤ ወደ የሐና ወደ ደብረ ዳሞም ሄዱ። ክሬንከር ታዓካ ማርያም የሚባለውን 120 ሜትር በ80 ሜትር ያህል የሚሰፋ የሕንፃ ግቢ መሠረት በፕላን አሰፈረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ሲሠራ ያ ፍርስራሽ ተጎዳ፤ ስለዚህ ዛሬ ስለ ታዓካ ማርያም አቀማመጥ የምናውቀው በአብዛኛው ከዚያ ፕላን ነው። የሥራው ውጤት በ1913 በርሊን ላይ በአራት ጥራዝ ታተመ። አራተኛው ጥራዝ የሊትማን የጽሑፎች ንባብ ነው።

ሜዳ ላይ ሥራው በእርጥብ ወረቀት ነበር የሚሠራው። ፎቶግራፍ በመስታወት ሰሌዳ ላይ ይነሣ ስለነበር ከባድና ውድ ነው፤ ብርሃኑ ካልተስማማ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ፊደል አይወጣም። ስለዚህ የድንጋዩን ገጽ በወረቀት ቀርጾ መውሰድ የተለመደ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ በብሩሽና በውኃ ይጸዳል፤ በፊደሉ ውስጥ አፈር ከቀረ ወረቀቱ እስከ ታች አይገባም። ወረቀቱ ሙጫ ያልገባበት፣ ውኃ የሚመጥ ወፍራም ወረቀት መሆን አለበት፤ የመጻፊያ ወረቀት ውኃ አይመጥም፣ ቢመታም አይታጠፍም። ወረቀቱ ተነክሮ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ይነጠፋል። ከዚያ ጠንካራ ጭራ ባለው ብሩሽ ከመካከል ወደ ዳር እየተባለ ይደበደባል፤ ከዳር ከተጀመረ አየር መካከል ላይ ታፍኖ ይቀርና ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ጥልቅ ፊደል ላይ ወረቀቱ ከተቀደደ፣ ሌላ እርጥብ ቁራጭ ከላይ ተደርቦ እንደገና ይመታል። ሳይነሣ በፊት የድንጋዩ ቁጥርና የላይኛው ጫፍ የቱ እንደሆነ በእርሳስ ይጻፍበታል፤ ይህ ከተረሳ በኋላ ወረቀቱ የየትኛው ድንጋይ እንደሆነ ማወቅ ከባድ ነው።

ቀሪው መጠበቅ ነው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ የተነሣ ወረቀት ተኮማትሮ የፊደሉን መልክ ያጣል። ነፋስ ካለ ዳሩ ቀድሞ ይደርቅና ራሱን ከድንጋዩ ይገነጥላል። ዝናብ ከመጣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በደንብ የደረቀ ቅጂ ግን ቀላል ነው፤ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል። ጀርባው ላይ ፊደሉ ጎልቶ፣ ግን ተገልብጦ ይታያል፤ ሊቁ ቤቱ ተቀምጦ መብራት ከጎን እያበራ ያነበዋል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፤ መሮ የቆረጠው መስመር ጥልቀቱ እኩል ሲሆን የድንጋይ ስንጥቅ ግን ያልተስተካከለ ነው። በዓይን አንድ የሚመስሉት በወረቀቱ ላይ ይለያያሉ። ዛሬ ይህን ዘዴ ማንም በራሱ ፈቃድ በአክሱም ድንጋይ ላይ ሊሞክረው አይገባም። የተሸረሸረ ገጽ ከወረቀቱ ጋር ይነሣል፤ ከተለያየ አቅጣጫ በሚበራ መብራት የሚነሣ ዲጂታል ፎቶ ድንጋዩን ሳይነካ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

ዲኤኢ 4፣ 6 እና 7 በአንድ ድንጋይ ላይ ያሉ የአንድ ታሪክ ሦስት ቅጂዎች ናቸው። 4 በግሪክኛ ነው፤ 6 በደቡብ ዓረቢያ ፊደል፤ 7 አናባቢ በሌለው የግዕዝ ፊደል። ታሪኩ ዒዛና ያመፁትን ቤጃዎች እንዲያስገዙ ሁለት ወንድሞቹን ስለ መላኩ፣ ስድስት የቤጃ ነገሥታትም ከ4400 ሰው ጋር ተማርከው ሌላ አገር ስለ መስፈራቸው ይናገራል። ግሪክኛው ከአንድ መቶ ዓመት በፊት፣ በ1805፣ በሄንሪ ሶልት ተገልብጦ ነበር። የሦስቱ መነጻጸር ግን ለሌሎቹ ጽሑፎች መማሪያ ነው። ዲኤኢ 6 ሲነበብ ግራ ያጋባል፤ ፊደሉ የሳባ ነው፣ ንጉሥ በማለት ፈንታ «ምልክ»፣ ወልድ በማለት ፈንታ «ብን» ይላል፣ ቃላቱ ጫፍ ላይ የሳባውያንን አጻጻፍ ለመምሰል «ም» ተጨምሯል። ቋንቋው ግን ከሥሩ ግዕዝ ነው። ፊደሉን አይቶ «ይህ ሳባዊ ነው» ብሎ የደመደመ ሰው ተሳሳተ ማለት ነው፤ ለባሕር ማዶ ክብር ተብሎ የሳባ ልብስ የለበሰ ግዕዝ ነው።

የ7 ችግር ሌላ ነው። አናባቢ ከሌለ «ንግሠ» የሚሉት ሦስት ፊደላት «ንጉሥ» ሊሆኑ ይችላሉ፣ «ነግሠ»ም ሊሆኑ ይችላሉ። የሚወስነው የዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ነው፤ እርሱም ካልበቃ አጠገቡ ያለው ግሪክኛ።

ዲኤኢ 10 እና 11 አናባቢ አላቸው፤ የእኛ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ በድንጋይ ላይ ሲታይ የምናገኘው በዚህ ዘመን ነው። በ10 ዒዛና ነጋዴዎችን የገደሉ ሰዎችን ስለ መቅጣቱ ይናገራል፤ ራሱን የጦር አምላኩ የማሕረም ልጅ ይላል፣ አስታር፣ ብሔርና ምድር ለሚባሉት አማልክት መታሰቢያ ያቆማል። መጨረሻው እርግማን ነው፤ ይህን የነቀለና ያፈረሰ እርሱም አገሩም ዘመዱም ይነቀል ይላል። የሳፋው ዘላንና የአክሱሙ ንጉሠ ነገሥት ስለ ጽሑፋቸው የፈሩት አንድ ነገር ነበር።

በ11 ማሕረም የለም። ዒዛና የኖባን ሰዎች የወጋው «በእግዚአ ሰማይ ኃይል» ነው። መሐላ አፍርሰዋል፣ ሕዝቦችን በድለዋል ብሎ በተከዜ ማዶ 23 ቀን እንዳሳደዳቸው፣ የድንጋይና የሣር ከተሞቻቸውን እንዳቃጠለ ይተርካል። ሊትማን ይህን የንጉሡ ክርስቲያን መሆን ማስረጃ አድርጎ አነበበው። ሌሎች ግን «የሰማይ ጌታ» የሚለው ስም ክርስቶስን ስለማይጠቅስ ተከራከሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ አክሱም ውስጥ የተገኘ የዒዛና የግሪክኛ ጽሑፍ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ስለሚጠራ ክርክሩ በአብዛኛው በሊትማን ንባብ በኩል ተዘጋ። በ1980ዎቹ ደግሞ ሦስት ጽሕፈት ያለው ድንጋይ ሁለተኛ ቅጂ በገበሬዎች እጅ ከመሬት ወጣ፤ ሊትማን የተጎዳ ገጽ ላይ የገመታቸውን ቦታዎች ከሙሉ ጽሑፍ ጋር ማነጻጸር የተቻለው ያኔ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጥቅስ የሚያወጣ ሰው በ1913ቱ ንባብ ብቻ መቆም የለበትም። ከ1991 ጀምሮ በፈረንሳይ የታተመው የኢትዮጵያ ጥንታዊ ጽሑፎች ስብስብ አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ ዲኤኢ 6 እና 7 በዚያ 185 ናቸው፣ 8 ደግሞ 186፣ 9 ደግሞ 187፣ 10 ደግሞ 188፣ 11 ደግሞ 189፤ ግሪክኛው ዲኤኢ 4 ግን 270 ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥር ያላስተያየ አንባቢ አንዱን ድንጋይ እንደ ሁለት ይቆጥራል፤ በኢንተርኔት በሚዞሩ ጽሑፎች ውስጥ ይህ ስሕተት በተደጋጋሚ ይታያል።

ሌሎቹ ሥራዎች

በትንሿ እስያ በሰርዴስ ቁፋሮ በ1912 ሊድኛና አራማይክ ጎን ለጎን የተጻፉበት የመቃብር ድንጋይ ተገኘ። ሊድኛ ያኔ የማይነበብ ቋንቋ ነበር። ሊትማን አራማይኩን ያውቃል፤ በአራማይኩ ውስጥ የሟቹ ስም ማኔ የኩምሊ ልጅ፣ የአምላኪቱ ስም አርጤምስ አለ። እነዚህን ስሞች በሊድኛው በኩል ፈልጎ ፊደላቱን ለየና በ1916 አሳተመ። መንገዱ ያው የሳፋው ነው፤ ከስም ይጀመራል፤ ስም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ብዙም አይለወጥምና። በኡም አል ጀማል ደግሞ፣ ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ፣ በናባጢና በግሪክኛ የተጻፈው የፊህር የመቃብር ድንጋይ ላይ ሠርቷል። ድንጋዩ ፊህር የጥንታዊው የዓረብ ነገድ የተኑኽ ንጉሥ የጀዚማ አሳዳጊ እንደነበር ይናገራል። በዓረብ ተረት ብቻ የታወቀ ንጉሥ ስሙ በድንጋይ ተገኘ።

በዓረብኛው ዓለም ስሙ የሚነሣው ግን በሌላ ነው። ከ1910 አካባቢ ጀምሮ ካይሮ በሚገኘው የግብፅ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ጣሃ ሑሴን ነበር። በ1933 የካይሮው የዓረብኛ ቋንቋ አካዳሚ የመጀመሪያ አባላቱን ሲመርጥ ከጥቂቶቹ አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። ከ1921 እስከ 1928 አንድ ሺህ አንድ ሌሊትን ከዓረብኛ ወደ ጀርመንኛ በስድስት ጥራዝ ተረጎመ። አሳታሚው መጀመሪያ የጠየቀው ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የቆየ ቅጂ እንዲያርም ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን በካልካታ ከ1839 ጀምሮ ከታተመው ዓረብኛ እንደ አዲስ ጀመረ። አላዲንና ዓሊ ባባ በካልካታው እትም የሉም፤ ያስገባቸው ከሌላ ምንጭ ነው። የእነዚህ ሁለት ተረቶች ዓረብኛ ቅጂዎች ራሳቸው ከፈረንሳይኛው ትርጉም ተመልሰው የተጻፉ መሆናቸውን በኋላ የመጣ ጥናት አሳይቷል። ለድንጋይ ከፍተኛ ጥንቃቄ የለመደ ሊቅ እንኳ በወረቀት ላይ ሊታለል ይችላል።

በግዕዝና በአማርኛ ላይ የሠራውም ብዙ ነው። የዘርዐ ያዕቆብንና የወልደ ሕይወትን ሐተታ በ1904 ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመ። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው የጣሊያኑ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚል ሙግት አነሣ፤ ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። ሁለቱም ወገኖች ከሚከራከሩባቸው የታተሙ ንባቦች አንዱ ግን ይህ ሥራ ነው። በ1914 ደግሞ ስለ ጥንታዊ አማርኛ የነገሥታት መዝሙሮች ጻፈ፤ ከዐምደ ጽዮን እስከ ገላውዴዎስ ዘመን ያሉት እነዚያ ግጥሞች በአማርኛ ከተጻፉ ሁሉ የቆዩት ናቸው።

ሊትማን ከሽትራስቡርግ በኋላ በጎቲንገንና በቦን አስተማረ፤ በ1921 ቲቢንገን ገባና ቀሪ ዕድሜውን በዚያ አሳለፈ። ከተማሪዎቹና ከባልደረቦቹ መካከል የደቡብ ዓረቢያ ጽሑፎች ሊቅ የሆነችው ማሪያ ሆፍነርና ግብፃዊው የግዕዝ ሊቅ ሙራድ ካሚል ይገኛሉ። ግንቦት 4 ቀን 1958 በቲቢንገን አረፈ። በዚያን ጊዜ ከሆፍነር ጋር የጀመረው የትግረ መዝገበ ቃላት በክፍል በክፍል እየታተመ ነበር። እርስዋ ቀጥላው በ1962 ተፈጸመ። ገለብ ላይ ነፋዕ በግዕዝ ፊደል የጻፋቸው ቃላት በውስጡ ከነትርጉማቸው አሉ።